የዘሀራ ትንሿ ጣት

ቅርጫት ኳስ የሚባለውን ጨዋታ ሕጉን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ልጄ ስትጫወት ብዙ ጊዜ ዳር ቆሜ አይቻለሁ፤ ፊሽካው ለምን እንደሚነፋ ግን አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም። ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጭባለሁ፣ ሰው ሲናደድ አብሬ እናደዳለሁ፣ በቃ ይኸው ነው። ዛሬ ግን በሐይቅ ከተማና በዙሪያው፣ እስከ አምባሰል ገጠር ድረስ፣ ሴት ልጅ ከአረብ አገር በሳጥን ሆና ስትመጣ ከሼሁ ቀጥሎ የሚጠሩት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። ለሰሚው ግራ ነው። ነገሩ እንዴት እንደመጣ የማውቀው እኔ ነኝና፣ እጄ ጽሕፈት ባይለምድም፣ ቀስ እያልኩ ልጻፈው። እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ይመር እባላለሁ። ሐይቁ ዳር ትንሽ መሬት አለችኝ፤ ማሽላና ሽንኩርት አበቅልባታለሁ፣ አልፎ አልፎ ዓሣ አወጣለሁ። ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ ትቼዋለሁ። ከባለቤቴ ከአሚናት አላህ የሰጠን አንዲት ልጅ ናት፤ ዘሀራ። ቁመቷን ከየት እንዳመጣችው እንጃ። እኔም አጭር፣ እናቷም አጭር። ገና በልጅነቷ የቤታችንን በር ጎንበስ ብላ መግባት ጀመረች። "ይመር፣ ልጅህን ከባሕር ዛፍ ጋር ነው እንዴ የተከልካት?" እያሉ ጎረቤቶቼ ይስቁብኝ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ የስፖርት መምህሩ ገና ከበር ላይ አይቶ ያዛት። ሜዳው ጠጠር የበዛበት አፈር ነው። ቀለበቱን በርና መስኮት የሚበይድ የከተማችን ሰው ከውሃ ቱቦ ቆርጦ ነው የሠራው፤ መረብ የሚባል ነገር የለውም። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ኳሱ ወደ ቀለበቱ የሄደ መስሎ ወደ ሽንት ቤቱ ይሄዳል። ከሌላ ከተማ የሚመጡት ልጆች በነፋሱ ሲንገላቱ የኛዎቹ ይስቃሉ። አምስት ነበሩ። አምበሏ ሀዋ፣ መዲና፣ ጦይባ፣ ብርቱካን፣ የኔዋ ዘሀራ። ብርቱካን ክርስቲያን ናት፣ አራቱ ሙስሊም። ሻርፓቸውን ወደ ኋላ ጠፍረው፣ ከቀሚስ ሥር ሱሪ ለብሰው ይጫወታሉ። ሌላ ሴት ልጅ ለኳስ የሚሰጥ ቤተሰብ ስላልነበረ ተቀያሪ የላቸውም፤ አንዷ ከታመመች የዚያ ቀን ጨዋታ ቀረ ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ደሴ ላይ ሲጫወቱ ኳስ የዘሀራን የቀኝ እጅ ትንሿን ጣት መታት። ወጌሻ ጋ ወሰድኳት፣ አሽቶ አሰረላት። ሲድን ግን ጎብጦ ዳነ። ጓደኞቿ ወዲያው "ማጭዴ" ብለው ስም አወጡላት። "ማጭዴ፣ ወዲህ አቀብይ!" ሲሏት ሜዳው በሳቅ ይሞላል። እሷም አትከፋም፤ ጣቷን ቀስራ ታሳያቸዋለች።

ትምህርቱ ሲያልቅ የማለፊያ ውጤት ለማናቸውም አልመጣም። መዲና አምባሰል ውጫሌ አገባች። ጦይባ ልብስ ትነግዳለች፣ ብርቱካን ጸጉር ትሠራለች። ሀዋና ዘሀራ አረብ አገር ሄዱ። ሀዋ ቀድማ ተመልሳ ሐይቁ ዳር ዓሣ መጥበስ ጀመረች፤ ዘሀራ ቀረች። አርብ አርብ ትደውላለች። ከእናቷ ጤንነት ቀጥሎ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

"አባየ፣ ቀለበቱ አለ?"

"አለ። ነፋስ አጎበጠው እንጂ።"

"እንደኔ ጣት!" ትላለች፣ ትስቃለች።

ከዚያ አንድ አርብ ሳትደውል ቀረች። ሌላውም አርብ አለፈ። ስልኳ ዝግ ነው። ብዙ ቆይቶ ከማላውቀው ቁጥር አንድ ሰው ደወለልኝና "አባቷ ነህ? ታማ ነበር፣ አላህ ወሰዳት። በሳጥን ትላካለች" አለኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ሽንኩርቱ መሀል ቁጭ ብዬ ነው ያገኙኝ።

ሳጥኑ የመጣ ቀን ጠዋት ቅሬው ተጠራ። ቅሬ በኛ አገር ሞት ሲኖር የሚወጣው የሰፈሩ ሰው ነው፤ ሙስሊም ክርስቲያን አይልም፣ ሁሉም ይወጣል። ወንዶቹ መቃብር ቆፍረው ጨርሰው ግቢዬ ውስጥ ከሼሁ ጋር ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። ሴቶቹ በቤቱ በኩል ናቸው። አሚናት ለቅሶዋ አልቆ ድምጿ ጠፍቶ አፏ ብቻ ይንቀሳቀሳል። መኪናዋ ከደሴ በኩል ስትመጣ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆመ። ሳጥኑን አወረዱት። በቆርቆሮ የታሰረ፣ ዳሩ በምስማር የተመታ ረጅም ሳጥን ነው። ርዝመቱን ሳይ "አዎ፣ የኔዋ ናት" አልኩ።

ታላቅ ወንድሜ ሰይድ የቅሬው አባት ነው። ጮክ ብሎ "እዚያው ታጥባ፣ ተከፍና ነው የመጣች ብለዋል። ለቀትሩ ዙህር እንድንደርስ የሬሳውን ሶላት እንስገድና እንሂድ" አለ። የሚያነሡት ሰዎች ጎንበስ ሲሉ ከሴቶቹ በኩል አራት ልጆች ወጡና ሳጥኑን ከበቡት። ሀዋ፣ መዲና፣ ጦይባና ብርቱካን ነበሩ። መዲና ከውጫሌ ገና ሳይነጋ ተነሥታ የመጣች ናት፤ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል።

"ምን ሆናችኋል? መንገድ ልቀቁ እንጂ" አለ ሰይድ።

"ጋሽ ሰይድ፣ እናጥባታለን" አለች ሀዋ።

"ታጥባለች አልኩ እኮ።"

"ማን አጠባት?"

"ሰው ነዋ! ማን ያጥባት ታዲያ?"

"እኛ አላጠብናትም" አለች።

ሰዉ አጉረመረመ። ሰይድ ተቆጣ። ሀዋ ግን ድምጿን ሳታሳድግ ወደ ሼሁ ዞራ ተናገረች። "ሼሃችን፣ አንድ ጊዜ ከደሴ ተሸንፈን በአይሱዙ ስንመለስ ነው። ያን ሰሞን የሰፈራችን ልጅ በሳጥን መጥታ ሳትከፈት ተቀብራ ነበር። እናቷ ሳጥኑን ስትደበድብ አይተናል። መኪናው ላይ እንደ ጨዋታ ጊዜ እጃችንን ደራረብንና ተማማልን። ከአምስታችን አንዷ እንዲህ ሆና ብትመጣ የቀሩት ያጥቧታል፣ የማያውቃት እጅ ብቻ ነክቷት አትቀበርም አልን። ዘሀራ ናት መጀመሪያ ያለችው።"

"የልጅ ጨዋታ ለሞት ሕግ ይሆናል እንዴ?" አለ ሰይድ።

ብርቱካን እንባዋን በክንዷ እየጠረገች "ጋሽ ሰይድ፣ ስናሸንፍ ሸንኮራ ይገዙልን የነበሩት አንቱ አይደሉም? ያን ጊዜ የልጅ ጨዋታ ነው አላሉንም" አለችው። አንዳንዱ ሰው ሳይወድ ፈገግ አለ። ሰይድ አቀረቀረ።

ሼሁ ወደኔ መጥተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። "ይመር፣ አባት አንተ ነህ። ይከፈት ካልክ ይከፈታል።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ስለ ሳጥን ብዙ ሰምቻለሁ። ከፍቶ ያየ ሰው እህል እንዳስጠላው፣ አእምሮውን እንደሳተ ነግረውኛል። ዓይኔ ውስጥ ያለችው ዘሀራ በሩን ጎንበስ ብላ የምትገባዋ ናት፤ እሷን ሌላ ነገር እንዳይተካብኝ ፈራሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ሳጥኑን አየሁት። ሳንቃና ምስማር ነው። እድሜ ልኬን መቃብሯ ላይ ቆሜ ዱዓ ባደርግ፣ ዱዓ የማደርገው ለልጄ ይሁን ለሳንቃ በምን አውቃለሁ? ልጄን ቀበርኩ ለማለት እንኳ ልጄ መሆኗን የሚነግረኝ ሰው ያስፈልገኛል።

"ይከፈት" አልኩ።

ወደ ቤት አስገቡት። ምስማሩን የነቀለው አናጢ እንደጨረሰ አፍንጫውን ይዞ እየሮጠ ወጣ። አንሶላ ጋረዱ። ማጠብ የምታውቅ አንዲት ባልቴት፣ አራቱ ልጆች፣ አሚናት ገቡ። ብርቱካን ክርስቲያን ስለሆነች ውሃውን ልታቀብል ከአንሶላው ወዲህ ቆመች። እኛ ወንዶቹ ውጭ ተቀመጥን። መጀመሪያ ውሃ ወደ ሳፋ ሲገለበጥ ሰማሁ። ቢስሚላህ ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ምንም የለም። ውሃ ሲፈስ እጠብቃለሁ፣ አይፈስም። ለቅሶ እጠብቃለሁ፣ ለቅሶም የለም። ሰይድ እንኳ ጨንቆት "ምን እየሆኑ ነው?" አለ።

ሀዋ በሩ ላይ ብቅ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ጋሼ፣ አንዴ ይግቡ" አለችኝ።

ገባሁ። ገላዋን በነጠላ ሸፍነው እጇን ብቻ ወጣ አድርገውታል። ከፈኑን ገልጠው ፊቷን አሳዩኝ። ጠቁሯል፣ አብጧል። ወላሂ፣ የማንም ፊት ሊሆን ይችላል። ልጄም ትሆናለች፣ ልጄም ላትሆን ትችላለች።

"ጋሼ፣ የቀኝ እጇን ይዩ" አለች መዲና።

አየሁ። አምስት ጣት ነው።

"ትንሿን ጣቷን።"

ቀጥ ያለች ናት።

"ምናልባት እዚያ አገር አሳክማው ይሆናል..." አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ አፉ የራሱን ይናገራል።

ሀዋ ጎንበስ አለችና የራሷን ክንድ ከልጅቱ ክንድ ጎን አጋደመች። ክርንን ከክርን አስተካከለች። የሀዋ ጣቶች አለፉ። "ዘሀራ ከኔ በመዳፍ ትረዝማለች። ስንት ዓመት ሙሉ ከራሴ በላይ ኳስ ስትወስድብኝ ኖሬ ክንዷን ላላውቀው ነው? ይቺ አጭር ልጅ ናት፣ ጋሼ። ይቺ ዘሀራ አይደለችም።"

አሚናት ከጥግ ተነሣች። ጠፍቶ የነበረው ድምጿ ከየት እንደመጣ እንጃ። "ልጀ አልሞተችም? ይመር፣ ልጀ አልሞተችም!" አለችና እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እልልታ ጀመረች። አንድ እልልታ ብቻ ነው የወጣት። ሀዋ ዘላ አፏን በእጇ ያዘችው።

"እማ፣ ተይ! ተይ የኔ እናት። ይቺም እናት አላት።"

እንግዲህ ያን ሰዓት እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ደስታው ከጉሮሮዬ ደርሶ ነበር። ያ ደስታ ግን የሌላ ሰው ሞት ላይ የቆመ ነው። የሆነ ቦታ አንድ አባት ልጄ ደህና ናት ብሎ በሬውን እያጠጣ ይሆናል፤ ልጁ እዚህ የኔ ቤት ወለል ላይ ተኝታለች። ወይም ደግሞ ያ አባት አሁን በዚህ ሰዓት ሌላ ሳጥን ፊት ቆሟል።

አሚናት ከሀዋ እጅ ቀስ ብላ ወጣች። ልጅቱን ቆማ አየቻት። ከዚያ ራስጌዋ ቁጭ አለች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች።

"ውሃውን አምጡ" አለች።

ብርቱካን አቀበለች፣ ልጆቹ አጠቧት። ለዘሀራ የተገዛውን ከፈን ሲያለብሷት ከግርጌዋ ብዙ ተረፈ፤ አሚናት የተረፈውን ለማንም ሳታስቆርጥ አጥፋ ከእግሯ ሥር አስገባችላት።

ውጭ ነገሩ ሲሰማ ግቢው ተረበሸ። ሾፌሩ "እኔ የሰጡኝን ነው ያመጣሁት፣ ስሙም የናንተ ልጅ ስም ነው" እያለ ይምላል። ለፖሊስ ነገርን። ፖሊሱ መጥቶ ፎቶ አነሣ፣ ወዲያ ወዲህ ደወለ፣ ሲደውል ሲደውል ዙህር አለፈ። በመጨረሻ "ገላዋ የሚቆይ አይደለም፣ ምልክት አድርጋችሁ ቅበሩ፣ እኛ እናጣራለን" አለ። ሰይድ የዚያን ጊዜ ተነሣ። ከጠዋት ጀምሮ ሲቆጣ የዋለው ሰው "ቅሬ የወጣነው ለይመር ልጅ ነው፤ ይቺም ይመር ቤት ነው ያረፈች። ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ" አለ። ማንም አልሄደም። ሼሁ ሶላት ሲያሰግዱ ስሟን የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። "አላህ ያውቃታል" ብለው እጃቸውን አነሡ። ለልጄ በቆፈርነው መቃብር የሌላ ሰው ልጅ አስቀመጥን። ጉድጓዱ ረዘመባት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከሞቱ ይከፋ ነበር። ሞት ከሆነ ሰው ያለቅሳል፣ ይቀመጣል፣ ይነሣል። እኛ ማልቀስም አልቻልን፣ መሳቅም አልቻልን። ስልኳ ዝግ ነው፤ ያ የማላውቀው ቁጥርም አይነሣም። አሚናት አርብ አርብ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ትውላለች። ሀዋ ዓሣ መጥበሻዋን ትታ ከጎኗ ትቀመጣለች። ጎረቤት ሲመጣ አላህ ያጽናሽ ይበል፣ እንኳን ደስ ያለሽ ይበል አያውቅም፤ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል።

ክረምቱ አልፎ ማሽላው እሸት ሲይዝ ከከሚሴ ወዲያ ቆላ አገር አንድ ሰው ከሚስቱ ጋር መጣ። አልዩ ይባላል፤ እንደኔው ገበሬ ነው። ያን ቀን በአንድ አውሮፕላን ሁለት ሳጥን መምጣቱን ፖሊስ አጣርቶ ነግሯቸው ነው። ልጁን በስልኩ ፎቶ አሳየን። ፈገግ ያለች አጭር ልጅ፣ አንገቷ ሥር የእሳት ጠባሳ አለባት። ሀዋ ፎቶውን አየች። ከዚያ "ጠባሳውን አጥቤዋለሁ" አለች።

ሀዋ ሦስቱን ጓደኞቿን ጠርታ ነበርና ሁላችንም ሆነን መቃብሩ ላይ ወሰድናቸው። አልቅሰው አልቅሰው ሲደክማቸው የአልዩ ሚስት አሚናትን እጇን ያዘቻት። አማርኛዋ ኦሮምኛ ይቀላቅላል፣ ግን ቃል በቃል ነው የማስታውሰው።

"እህቴ፣ አንቺ ልጄን አጥበሽልኛል። እኔ የመጣችልኝን አላጠብኳትም። አይከፈትም አሉኝ። ለምኜ ክዳኑን ትንሽ አነሡልኝ፣ ከከፈኑ ሥር እጄን ብቻ አስገባሁ፣ እጇን ያዝኩ። ትንሿ ጣቷ ጎብጣለች። 'የልጀን ጣት ሰበሩት፣ ምን አድርጋቸው ነው የሰበሯት?' ብየ እስከ ዛሬ የማለቅስ በዚያች ጣት ነው።"

ሀዋ መሬት ላይ ተቀመጠች። መዲናና ጦይባ ተቃቀፉ። አሚናት አልጮኸችም፤ ዓይኗ ወደ ሐይቁ ሄዶ እዚያው ቀረ። ዘሀራ መሞቷን በመጨረሻ ያወቅነው በዚህ ነው። እኔ ግን፣ ወላሂ፣ መጀመሪያ የተናገርኩት ለራሴ አልነበረም። ያቺ እናት በማይገባት ነገር ስትቃጠል መክረሟ አንጀቴን በላው።

"እህቴ፣ ማንም አልሰበራትም" አልኳት። "ኳስ ናት። ደሴ ላይ ሲጫወቱ ኳስ መታት። ማታውን ቤት ስትገባ እየሳቀች ነበር።"

ሴትዮዋ አየችኝ። "እየሳቀች?" አለች።

"እየሳቀች። ሁለት ለዜሮ... እንጃ፣ ብቻ አሸንፈው ነበር።"

ብርቱካን በለቅሶዋ መሀል "ጋሼ፣ በቅርጫት ኳስ ሁለት ለዜሮ የለም" አለችኝ። እዚያ መቃብር ላይ አራቱም እያለቀሱ ሳቁ።

አልዩና እኔ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሬሳ አውጥቶ መለዋወጥ ይቻል እንደሆነ ሼሁን ጠይቀን ነበር፤ ለሁለታችንም አልዋጥልን አለ። "በሰላም ያረፈችን ልጅ አላነቃትም" አለ አልዩ። እኔም "ልጄን አደራ" አልኩት። "ልጄን አደራ" አለኝ። ተጨባበጥን። አሁን በየዓመቱ ማሽላ ሲሰበሰብ እኔ ወደሱ እሄዳለሁ፣ እሱ ወደኔ ይመጣል። የሱን ልጅ መቃብር ዙሪያ አረም እነቅላለሁ፤ የኔን እሱ ይነቅላል። እዚያ የዘሀራ መቃብር ረጅም ነው። ሲቀብሯት ጉድጓዱ አጥሮባቸው እንደገና እንደቆፈሩ ነገረኝ።

አንባቢዎቼ፣ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፣ ለመምከርም አቅሙ የለኝ። ግን ልጃችሁ በሳጥን ከመጣች፣ አላህ አያምጣው፣ የሚያውቃት እጅ ሳይነካት አትቅበሯት። አባት ፊት ነው የሚያውቅ፤ ፊት ደግሞ ይለወጣል። አብረው የሮጡ፣ የተጋፉ፣ የተላተሙ ጓደኞች ግን ክንድ ያውቃሉ፣ ጣት ያውቃሉ። ልጆቹን ጥሩልኝ።

ከዚያ ወዲህ ይኸው ይጠሯቸዋል። በኛ አገር ሳጥኑ መምጣቱን አላቆመም። የሀዋ ስልክ ሲጮህ መጥበሻዋን ታወርዳለች፣ መዲና ከውጫሌ ትወርዳለች፣ ጦይባ ሱቋን ትዘጋለች፣ ብርቱካን ጸጉር ግማሽ የሠራችላትን ሴት ትታ ትወጣለች። በሚሄዱበት ቤት መጀመሪያ የልጅቱን ጓደኞች ይሰበስባሉ፣ ከዚያ ነው ሳጥኑ የሚከፈተው። ሰው አሁንም "ቡድኑ መጣ" ይላቸዋል። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቀለበቱ እንደጎበጠ ቆሟል፤ የዛሬዎቹ ልጆች ይጫወቱበታል።

የጨዋታውን ሕግ አላውቅም ብያለሁ። አንዱን ግን አውቀዋለሁ፣ አምስት ካልሞሉ አይጀመርም። መጀመሪያ በተጠሩ ጊዜ አራቱ መኪና ላይ ወጥተው ሳይንቀሳቀሱ ቆሙ። ሾፌሩ "ማንን ነው የምንጠብቀው?" ሲል አሚናት ከቤት ወጣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች፣ በዚያ አጭር ቁመቷ መኪናው ላይ መውጣት ቢያቅታት ሀዋ እጇን ይዛ ሳበቻት። ከዚያ ሄዱ።